አያቴና ክፉው ንጉሥ

ሕዝቅያስ ክፉ ንጉሥ እንደ ነበር ያስተማረችኝ አክስቴ ዔግላ ናት። የምታስተምረኝ ገል በር በሚባለው የከተማው በር አጠገብ፣ አባቴ ሸክላ በሚሠራበት ደጅ ነበር። እሷ ያልተተኮሰውን ማሰሮ በዛጎል እየፋቀች ታለሰልሳለች፤ እኔ ከጎኗ ቁጢጥ ብዬ ከጭቃው ጠጠር እለቅማለሁ።

«የለኪሶን ከተማ ያስቃጠላት ማነው?» ትለኛለች።

«ሕዝቅያስ።»

«ምን አድርጎ?»

«መሠዊያዎቹን አፍርሶ። አማልክቱ ተቆጥተው አሦርን ላኩበት።»

«መልሶ የሠራቸውስ?»

«ልጁ ምናሴ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰላም ሆነ።»

«አፍሽ ማር ይብላ!» ብላ ደረቅ በለስ ትሰጠኛለች። እኔም በለሴን እያኘክሁ የሰፈር ልጆች ገመድ ሲዘሉ የሚሉትን እላለሁ፦

ሕዝቅያስ ሆዬ መሠዊያ አፍርሶ፣
አመድ አስታቀፈን አስቃጥሎ ለኪሶ።

ይህን ስል የእናቴ አባት አያቴ ሰማኪያ ከግድግዳው ሥር ከተቀመጠበት ጉሮሮውን ጠርጎ እንትፍ ይላል።

«አባ ሰማኪያ፣» ትለዋለች አክስቴ፣ «ምራቅዎ የሚመጣው ሕዝቅያስ ሲሰደብ ብቻ ነው እንዴ?»

«አቧራ ነው ልጄ። የድንጋይ አቧራ ደረቴ ውስጥ ተኝቷል።»

«የሕዝቅያስ አቧራ ይበሉት እንጂ!»

«የምትጠጪው ውኃም የእሱ ነው» ይልና ዓይኑን ይጨፍናል።

እውነቱን ነው። አያቴ በጎልማሳነቱ በሕዝቅያስ ትእዛዝ የኮረብታውን ሆድ በዶማ ሰንጥቀው የግዮንን ምንጭ ወደ ከተማው ውስጥ ካስገቡት ሰዎች አንዱ ነበር። ከተማው ሁሉ ያንን ውኃ ይጠጣል፤ ቆፋሪውን የሚያመሰግን ግን አልነበረም። እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የክፉው ንጉሥ ሰው እኛ ቤት ይኖራል። ይህ ከገባኝ ቀን ጀምሮ ዓይኔን ከእሱ አልነቀልሁም።

ዘንድሮ፣ እኔ ካረጀሁ በኋላ፣ የልጅ ልጆቼ በዚያው በር ጥላ ሥር ከሌዋዊው መምህር ይማራሉ። ሕዝቅያስ ደግ፣ ምናሴ ክፉ፣ የዛሬው ንጉሥ ኢዮስያስ የደጎች ደግ። ያጨበጭባሉ፤ እኔም አጨበጭባለሁ፤ ነገሩ ልክ ነዋ። ብቻ ከመካከላቸው አንዷ ጎረቤቷን በጎን ዓይኗ ስታይ ባየኋት ቁጥር ማጨብጨቤን አቆማለሁ። እኔም ያኔ ሰው የማየው እንደዚያ ነበር።

አያቴን በምሰልልበት በዚያ ዓመት ዝናብ ቀርቶ ነበር። ገበሬው እህል ካላገባ ማሰሮ አይገዛም፤ የአባቴ የጳስኮር ማሰሮዎች በደጃችን ተደርድረው አቧራ ይጠጣሉ። ከእኔ በኋላ የተወለዱት ሁለቱ ሴቶች ልጆች ጥርስ ሳያወጡ ሞተዋል። ሦስተኛው ኤልናታን ነበር። ገና መዳህ ጀምሮ፣ ያገኘውን ጣት ሁሉ በሁለት ጥርሶቹ ይነክስ ነበር።

ኤልናታን በሚመጣው በዓል ቀን ከከተማው በታች ባለው በሄኖም ሸለቆ ለአምላክ እንደሚሰጥ አክስቴ ነገረችኝ። «የመጀመሪያ ወንድ ልጅ የአምላክ ነው። እሱ ሲሰጥ ዝናቡ ይመጣል፤ ከእሱ በኋላ የሚወለዱትም ያድጋሉ።»

«ለየትኛው አምላክ ነው?» አልኋት። «ለእግዚአብሔር ነው ወይስ ለሸለቆው አምላክ?»

«ለሁሉም! አንዱ ባይሰማ አንዱ ይሰማል።»

እኔ የታየኝ ኤልናታን ነጭ ለብሶ፣ በትልቅ ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ የማር እንጎቻ ሲበላ ነው። አባቴም ከዚያ በፊት ሠርቶት የማያውቅ ትንሽ እንስራ ከነክዳኑ ሠራለት። ቀይ ነበር፤ ፊት እስኪያሳይ ድረስ ተወልውሏል። «ለእኔስ?» ብዬ ብጠይቀው ፊቱን ወደ ምድጃው አዞረ። የማሩ ማስቀመጫ መስሎኝ በጣም ቀናሁ። እንዲያ ያለ እንስራ ውስጥ ከአመድ በቀር ሌላ ነገር እንደማይቀመጥ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

እንግዲህ በቤታችን ይህ ሁሉ ደስታ እየተዘጋጀ አያቴ ብቻ ፊቱን ያጠቁራል። እኔ ደግሞ እሰልለዋለሁ።

መጀመሪያ ያየሁት የውኃውን ነገር ነው። ውኃ ልቀዳ የግዮን ውኃ ወደሚጠራቀምበት ኩሬ ስወርድ ኤልናታንን አቅፎ ይከተለኛል። እኔ እንስራዬን እስክሞላ ድረስ ሕፃኑን ይዞ ውኃው ወደሚመጣበት፣ ድሮ እነሱ ወደ ቆፈሩት ዋሻ አፍ ይገባል። ጨለማው ይውጣቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች የኤልናታን ጩኸት ዋሻውን ሞልቶ ይወጣ ነበር። እየቆየ ጩኸቱ ቀነሰ፤ በኋላም ጭራሽ ጠፋ። ሲወጡ የሕፃኑ ጸጉር ርሶ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ ዝም ብሎ ያየኛል።

ውኃ ቀጂዎቹ ልጃገረዶች ዋሻው ውስጥ ጋኔን አለ ይሉ ነበር። ሕዝቅያስ ሰው ገብሮለት ነው ያስቆፈረው ይላሉ። እኔም ነገሩን ገጣጠምሁት፤ አያቴ ወንድሜን በትንሽ በትንሹ ለጋኔኑ እያስለመደው ነው፤ ድምፁን ወስደውበታል፣ የቀረው ነፍሱ ነው።

ቀጥሎ የእናቴ ወፍጮ መጣ። አንድ ቀን ከደጅ ስገባ ወፍጮው ያጉረመርማል፤ ከሥሩ የአያቴ ድምፅ ይሰማል። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍሁ።

«ካላለቀሰ ይሆንልናል» ይላል አያቴ።

«ቢያለቅስስ?» የእናቴ የዓዙባ ድምፅ ነው።

«እዚያ ውስጥ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል። እኔና ኤርማፍ ከሁለት ወገን ስንቆፍር በድምፅ አይደለም እንዴ የተገናኘነው! ለዚህ እኮ ነው የማስለምደው።»

«መታጠቂያዬን ውሰድ። ጠንካራ ነው።»

ዘው ብዬ ገባሁ። አያቴ መታጠቂያውን ካባው ሥር ሸጎጠ። እናቴ ፊቷ በእንባ ታጥቦ ወፍጮውን ማሽከርከሯን ቀጠለች። ወደ ድንጋዩ አየሁ፤ አንድ ፍሬ ገብስ እንኳ የለበትም። እናቴ ባዶ ድንጋይ ትፈጫለች! አያቴ አስማት አስነክቷታል አልሁ በልቤ። ንግግራቸው ከደጅ እንዳይሰማ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እያሽከረከረች እንደ ነበር ማን ይንገረኝ። በመታጠቂያዋም ኤልናታንን ያንቅበታል ብዬ ደመደምሁ።

ለአባቴ ነገርሁት። መንኮራኩሩን በእግሩ እየገፋ፣ እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ሆኖ ነበር።

«አባዬ፣ አያቴ ኤልናታንን ዋሻ ውስጥ ያስገባዋል። በየቀኑ። የእማዬን መታጠቂያም ወስዷል።»

መንኮራኩሩ ቆመ። በእጁ ላይ የነበረው ማሰሮ ወደ አንድ ጎን ዘመመ።

«ለአክስትሽ ነግረሻታል?»

«አልነገርኋትም።»

«ለማንም እንዳትናገሪ።» የዘመመውን ማሰሮ በጡጫው መትቶ ጭቃ አደረገውና እንደገና መንኮራኩሩን ገፋ።

ደስ አለኝ። እጅ ከፍንጅ ሊይዘው ነው አልሁ።

የበዓሉ ቀን ረፋድ ላይ ሰው ሁሉ ወደ ሸለቆው መውረጃ በር ይጎርፋል። አክስቴ የኤልናታንን ነጭ ልብስ ዘርግታ ጠርዙን ትጨርሳለች፤ አባቴ ምድጃው ዘንድ ነው። አያቴ በሩ ላይ ቆሞ «ቲርጻ፣ እንስራሽን ያዢና ነይ» አለኝ። ካባው ደረቱ ላይ አብጧል። እናቴ ተከትላን ወጣች፤ ያበጠውን በካባው ላይ ሳመችው። ከዚያ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ «ከአያትሽ እጅ እንዳትለዪ» አለችኝ። እሷ ባትለኝም አልለይም ነበር፤ እጠብቀዋለሁ።

ኩሬው ጭር ብሏል። አያቴ ውኃው ውስጥ ገብቶ እጁን ዘረጋልኝ።

«አልገባም! ለጋኔኑ ልትሰጠው ነው!»

«ማን አለሽ?»

«አውቃለሁ። አንተ የክፉው ንጉሥ ሰው ነህ።»

ሳቁና ሳሉ አንድ ላይ መጡበት። «ነኝ። ታዲያ ክፉ ሰው ከሕፃን ጋር ብቻውን ይተዋል? ነይ ጠብቂኝ።»

ይህ ልክ መሰለኝ። እንስራዬን ዳር ላይ ትቼ ገባሁ።

ውኃው ለእሱ ጉልበቱ፣ ለእኔ ወገቤ ድረስ ነው፤ ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። ጥቂት እንደሄድን ብርሃኑ ከኋላችን ጠፋ። አያቴ መብራት አልያዘም። «እጅሽን ግድግዳው ላይ አድርጊ። የዶማው ፈለግ ይሰማሻል?» አለኝ። ተሰማኝ፤ ድንጋዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት ወደ አንድ ወገን ተነጥሏል። «ይህ የኤርማፍ ወገን ነው። እነሱ ከኩሬው፣ እኛ ከምንጩ ተነሥተን ነው የቆፈርነው። ጣትሽ ወደ እኛ አቅጣጫ የተቆፈረ ሲያገኝ ንገሪኝ።»

ካባው ውስጥ ኤልናታን ትንፍሽ አላለም። ጨለማው ለእሱ የአያቱ ጉያ ሆኖ ነበር።

«ሕዝቅያስ ለዚህ ጋኔን ስንት ሰው ገበረ?» አልሁት።

«አንድም። ወርቅ ግን ገብሯል፤ የመቅደሱን በር ልጦ ለአሦር ሰጠ። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ፈርቶ ነበር።»

«ክፉ ነው ማለት ነው።»

«ሰው ነው ማለት ነው። በኋላ ወርቁም ሲያልቅ፣ አሦርም በሩ ላይ ቆሞ ሲሳደብ፣ ወደ አንዱ አምላክ ብቻ ሄዶ በእግሩ ሥር ወደቀ። ወደ ሌላ አልሄደም። ደግነቱ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።»

«ምናሴ ግን ለሁሉም ይሰጣል።»

አያቴ ቆመ። ውኃው በእግራችን መካከል ሲሄድ ይሰማኛል። «ስሚኝ ቲርጻ። በሸለቆው ማር አያበሉም። እሳት ነው ያለው። ወንድምሽን እሳት ላይ ነው የሚያስቀምጡት።»

«ውሸት! አክስቴ...»

«አክስትሽ ታውቃለች። እግዚአብሔር ግን ይህን ከማንም ጠይቆ አያውቅም። ያልጠየቀሽን መስጠት መታመን አይደለም ልጄ፤ መደለያ ነው።»

አላመንሁትም። እጄ ግን ግድግዳው ላይ ነበርና ከዚያ ትንሽ አለፍ እንዳልን ድንጋዩ ተለወጠ። ቅርፊቱ ዞረ፤ አሁን ከፊት ለፊት ወደ እኛ ይመጣል።

«ዞረ!» አልሁ።

«እዚህ ነው የተገናኘነው» አለ። ድምፁ ውስጥ ልጅነት ሰማሁ። ስለ ግድግዳው የነገረኝ እውነት ሆነ። ስለ ቀረው የነገረኝም እውነት ቢሆንስ የሚል ሐሳብ ያኔ ነው እንደ እሾህ የወጋኝ።

ወደ ምንጩ ስንወጣ ብርሃኑ ዓይን ያጠፋል። ከቋጥኙ ጥግ አንድ አጭር ሽማግሌ የፍየል ቆዳ ደርቦ ተቀምጧል።

«ዘገየህ» አለ። «ያኔም እኮ የእኛ ወገን ነው ቀድሞ የደረሰው።»

«ቀጣፊ! የበሳው የእኔ ዶማ ነው።»

«የእኔን ድምፅ ባትሰማ ኖሮ እስካሁን በሌላ በኩል እየቆፈርህ ነበር።»

ኤርማፍ እሱ ነበር። አያቴ የእናቴን መታጠቂያ ሲፈታ ኤልናታን ብርሃኑን አየና ሁለት ጊዜ አነጠሰ። ኤርማፍ በፍየል ቆዳው ጠቀለለው። ሕፃኑም ጣቱን ይዞ ነከሰው።

«ወዴት ነው የሚወስደው?» አልሁ፤ የቆዳውን ጫፍ አልለቅም ብዬ።

«ወደ አገሩ ወደ ቴቁሔ። የወንድ ልጁ ሚስት ታጠባዋለች» አለ አያቴ።

«ማልልኝ።»

«በማን ልማልልሽ?»

«በሁሉም።»

«እኔ ያለኝ አንድ ነው» አለ አያቴ፤ በእሱም ማለልኝ።

ወንድሜ ዛሬ በቴቁሔ የብዙ ፍየሎች ጌታ ነው። እነዚያ ጥርሶች ረግፈዋል። ይህን ሁሉ ስነግረው «እኔ የማስታውሰው ብርድ ብቻ ነው» እያለ ይስቃል።

ኤርማፍ ከቋጥኙ ጀርባ ሲሰወር አያቴ ተንበርክኮ ፊቱን ከፊቴ ጋር አስተካከለ። «እኔ ካልተመለስሁ ይፈልጉታል። ሞቷል ከተባለ ግን ማንም አይፈልገውም። እንመለሳለን፤ ውኃ ወሰደው እንላለን። ይጠይቁሻል። ጣለው ካልሽ በድንጋይ ይወግሩኛል። ‹አመለጠው› በይ። ሳያስብ ነፍስ በእጁ የጠፋበት ሰው ወደ መማጸኛዋ ከተማ ወደ ኬብሮን ይሰደዳል እንጂ አይገደልም። ኬብሮን ለቴቁሔ ቅርብ ናት።»

«እኔን ያመጣኸኝ ለዚህ ነው?»

«ዓይኑን ከእኔ ላይ የማይነቅል ሌላ ምስክር ከየት አገኛለሁ?»

ተመለስን። ኩሬው ዳር አክስቴ ዔግላ ቆማ ነበር፤ ነጩን ልብስ በክንዷ አንጠልጥላ። ባዶውን መታጠቂያ አየች።

«ሕፃኑስ?»

«ውኃ ወሰደው» አለ አያቴ።

ጩኸቷ ከተማውን አናወጠው። ደረቱን በጡጫዋ ትደበድባለች፣ ሰው ይሰበሰባል፣ አንዱ አያቴን በአንገቱ ይይዛል። እየተገፋን ገል በር ደረስን። የበሩ ዳኛ ከድንጋይ ወንበሩ ተነሣ። አባቴ ከምድጃው እየሮጠ መጥቶ ነገሩን ሲሰማ ልብሱን እስከ እምብርቱ ቀደደ። «ልጄን! ልጄን!» እያለ መሬት ላይ ተንከባለለ። ያ እንባ ሐሰት አልነበረም። ልጁን ለመስጠት ስለት ተስሎ በአደባባይ እምቢ ማለት ያቃተው ሰው፣ ልጁ በሌላ ሰው እጅ ሲያመልጥለት እንዲያ ነው የሚያለቅሰው። መንኮራኩሩን ካቆመበት ቀን ጀምሮ ሁሉንም ያውቅ ነበር።

«ምን አየሽ?» አለኝ ዳኛው።

ከጥቂት ቀን በፊት ቢጠይቁኝ አያቴን የምከስበትን በቃሌ አጥንቼ ነበር። አሁን ግን «ተንሸራተተና አመለጠው» አልሁ።

«የሕፃን ቃል ነው» አለ አንዱ።

«ሌላ ምስክር አለ?» ዳኛው ዙሪያውን አየ። «ዔግላ፣ አንቺ እዚያ ነበርሽ። ሽማግሌውስ ቂም ነበረው? በዓሉን ይጠላ እንደ ነበር ሰው ሁሉ ያውቃል። ጥሎት ነው ወይስ አምልጦት?»

አክስቴ ወደ እኔ መጣች። ጭቃ በሚሸቱ ጣቶቿ አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ላይ ቀና አደረገችው። አየችኝ። ወንድሟ የሞተባት ልጅ ነበርሁ፤ ጉንጬ ግን ደረቅ ነው። እንባ ለማምጣት ታገልሁ፤ እምቢ አለኝ። በአውራ ጣቷ ደረቁን ጉንጬን ዳሰሰችው። በቃ፣ ነቃችብን አልሁ።

ለቀቀችኝና ወደ ዳኛው ዞረች።

«ቂም የነበረኝ እኔ ነኝ በእሱ ላይ» አለች። «እሱ ሕፃኑን ይወደው ነበር። አምልጦት ነው።»

ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ ወደ ኬብሮን ይሰደድ ተባለ። አያቴ በትሩን ተቀብሎ፣ ልብሱ እንደረጠበ፣ እየሳለ ወጣ።

እናቴና አባቴ ወደ ኋላ ቀርተው እኔና አክስቴ ወደ ቤት ስንሄድ፣ ከጠባቧ መታጠፊያ ስንደርስ ቆመች፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አየች።

«አንቺ ልጅ፣ ሕፃኑ ከዋሻው ሲወጣ አለቀሰ?»

ለማንም እንዳትናገሪ ተብያለሁ። ደግሞስ ወጥመድ ቢሆን? ወደ ዳኛው ብትመለስ? ፊቷን አየሁት፤ አያቴን ሳየው እንደ ነበረው ከሥር እስከ ላይ፣ ውሸቱ የቱ ጋ እንዳለ እየፈለግሁ። አላገኘሁትም።

«አላለቀሰም» አልሁ በሹክሹክታ። «አነጠሰ።»

አክስቴ መንገዱ መሃል፣ አቧራው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«የእኔ ልጅ አልቅሶ ነበር» አለች። «ከበሮ ይመታሉ እኮ፣ እናት እንዳትሰማ። እኔ ግን ሰማሁት።»

ነጩን ልብስ ፊቷ ላይ አድርጋ ጮኸች። ሴቶች ከየበሩ ወጡ፤ አንዷ ነጠላዋን አውልቃ ራሷን ሸፈነችላት፣ ሌላዋ ወገቧን ያዘች። ለኤልናታን የምታለቅስ መስሏቸው ሰፈሩ ሁሉ አብሯት አለቀሰ። እኔም ያኔ እንባዬ መጣ።